ስሙን ደብቆ ለሚወቅሰን ሰው ምን ብለን እንመልስ? የአነስተኛ የደኅንነት አማካሪዎች ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለአነስተኛ የሳይበር ደኅንነት አማካሪ ድርጅቶች ነው። ሦስት አራት ሰው ሆነው ፔንቴስት (የደንበኛን ሲስተም በፈቃዱ ሰብሮ ለመግባት የሚሞክር ፍተሻ) ለሚሠሩ፣ ደንበኛን ለኦዲት ለሚያዘጋጁ፣ ጥቃት ሲደርስ በውድቅት ሌሊት ስልክ ለሚያነሡ። ሥራችሁን ውጭ ያለ ሰው አያየውም። ሪፖርቱ ምስጢር ነው። የደንበኛው ስም ምስጢር ነው። የተገኘው ክፍተትም ምስጢር ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት የአስተያየት ገጽ ላይ ለሚጻፍባችሁ ወቀሳ የምትሰጡት መልስ፣ ገና ያልቀጠራችሁ ሰው በዓይኑ የሚያየው ብቸኛው የሥራ ናሙናችሁ ሊሆን ይችላል። ከታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አንድ መጥፎ አስተያየት ይህን ያህል የሚጎዳን ለምንድን ነው?

ቁጥራችሁ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አምስት ሰዎች አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተዋችኋል እንበል። ስድስተኛው መጥቶ አንድ ኮከብ ቢሰጥ አማካዩ ወደ 4.3 ይወርዳል። ያው አንድ ኮከብ 60 ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት ባለው ድርጅት ላይ ቢያርፍ ግን አማካዩ 4.9 ላይ ይቆያል።

በዚህ ሙያ ደግሞ ቁጥሩን ማብዛት ቀላል አይደለም። በሥራችሁ የተደሰተ ባንክ ወይም ሆስፒታል «እነዚህ ሰዎች ሲስተማችንን ሰብረው ገብተው አሳዩን» ብሎ በአደባባይ አይጽፍም። የረካው ዝም ይላል፣ የተቆጣው ይጽፋል።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዕቃ ሽያጭ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰው ለመግዛት ይበልጥ የሚነሣሣው አማካዩ ከ4.0 እስከ 4.7 ሲሆን ነው። ወደ 5 ሲጠጋ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ገዢው ይጠራጠራላ። እንከን የለሽ ገጽ ላይ ለመድረስ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

መመለስ ይሻላል ወይስ ዝም ማለት?

አብዛኛውን ጊዜ መመለስ ይሻላል። ዳቪዴ ፕሮሰርፒዮ እና ጊዮርጎስ ዜርቫስ የተባሉ ተመራማሪዎች ትሪፕአድቫይዘር በተባለው የተጓዦች አስተያየት ድረ ገጽ ላይ ያሉ ሆቴሎችን አጥንተው ነበር። ለእንግዶች አስተያየት መመለስ የጀመሩ ሆቴሎች የሚደርሳቸው አስተያየት በ12 በመቶ ጨመረ፣ አማካያቸውም በ0.12 ኮከብ ከፍ አለ። አጥኚዎቹ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ልብ የሚባል ነው። ባለቤቱ እንደሚያነብና እንደሚመልስ ያወቀ ሰው መሠረት የሌለው አጭር ስድብ ለመጻፍ ያመነታል።

ሆቴልና ደኅንነት አንድ አይደሉም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እናንተ ሥራ ማምጣት አይቻልም። ግን መልሱን የሚያነበው ጸሐፊው ብቻ አለመሆኑ ለሁለቱም ይሠራል። እንዲያውም ለጸሐፊው እየመለሳችሁ እንደሆነ አታስቡ። ነገ ሊቀጥራችሁ ሦስት ድርጅቶች አወዳድሮ ገጻችሁን የከፈተ ሰው አለ። የምትጽፉት ለእሱ ነው።

ዝም የሚባልባቸው ጊዜያት አሉ። ተራ ስድብ ብቻ ሲሆን፣ ዛቻ ወይም የገንዘብ ጥያቄ ሲኖርበት፣ ወይም የደንበኛን ሲስተም ክፍተት የሚያጋልጥ ሲሆን። እነዚህን ከታች እናያቸዋለን።

በስንት ሰዓት ውስጥ እንመልስ?

በመጀመሪያው ሰዓት አይሁን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጻፉት፣ አስቀምጡት፣ ያድርና ነገ አንብቡት። አንድ ወይም ሁለት ቀን ማንንም አያስቀይምም። ወር ከሞላው ግን የተረሳ ይመስላል።

ማን ይጻፈው?

ሥራውን የሠራው ሰው አይጻፈው። እሱ ሌሊቱን ያስታውሳል፣ ደንበኛው የላከውን ኢሜይል ያስታውሳል፣ ልቡም ቆስሏል። የሚያውቀው ዝርዝር በብዛቱ ምክንያት ሳያስበው ያመልጠዋል። ሌላ ሰው ይጻፈው፣ ሦስተኛ ሰው ያንብበው። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ሥራውን ያልነካው ይጻፍ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ምስጢር መጠበቅ የሚችልና ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው ረቂቁን እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ የደንበኛውን ስም ግን ለእሱም አትንገሩት።

ደንበኛችን እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ መናገር እንችላለን?

አትችሉም። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙ።

የምስጢር ጥበቃ ስምምነት ፈርማችኋል። አብዛኛው ስምምነት የሥራውን ይዘት ብቻ ሳይሆን ግንኙነቱ መኖሩን ራሱን ይሸፍናል። ሰውየው ስለ ራሱ በአደባባይ መጻፉ እናንተን ከስምምነቱ ነጻ አያወጣችሁም። ደግሞም ስሙን አልገለጸም። እናንተ «ባለፈው ሩብ ዓመት የሠራንላችሁ» ካላችሁ ማንነቱን የገለጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ይህ በሌላ ሙያ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። በአሜሪካ አንድ የጥርስ ሕክምና ድርጅት ዬልፕ በተባለ የደንበኞች አስተያየት ድረ ገጽ ላይ ለቀረበበት ወቀሳ ሲመልስ የታካሚውን መረጃ በመግለጹ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. 10,000 ዶላር ከፍሏል። በ2023 ደግሞ አንድ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል በተመሳሳይ ምክንያት 30,000 ዶላር ከፍሏል። ሁለቱም ራሳቸውን እየተከላከሉ ነበር። በደኅንነት ሥራ ያው ስሕተት ከገንዘብ በላይ ያስከፍላል፤ ደንበኛ ለመሆን ያሰበው ሰው «እኔም ባማርር ጉዳዬን እንዲህ ያወጡታል» ብሎ ገጹን ይዘጋል።

«ታዲያ ውሸታም ከሆነስ? እንዲህ ያለ ደንበኛ የለንም ማለትም አይቻልም?» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለሐሰተኛው «ደንበኛችን አይደለህም» ብላችሁ ለእውነተኛው ያንን ካላላችሁ፣ አለማለታችሁ ራሱ መልስ ይሆናል። ሁለቱን መልሶች ያነጻጸረ ሰው ማን እውነተኛ ደንበኛ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ደንቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እናረጋግጣለንም አንልም፣ እናስተባብላለንም አንልም። በስለላው ዓለም ይህ «የግሎማር መልስ» ይባላል። ሲአይኤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የሰመጠ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ለማውጣት ስለተጠቀመበት ግሎማር ኤክስፕሎረር ስለተባለ መርከብ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ነው። ለእናንተ ጥቅሙ ቀላል ነው፤ ደንቡን አንድ ጊዜ በግልጽ ከጻፋችሁት ሁልጊዜ ያገለግላችኋል፣ አንባቢም እንደ መሸሽ አያየውም።

እስቲ በምሳሌ አሳዩን።

ይህን አስተያየት እንውሰድ (ስካነር የሚባለው ክፍተትን በራሱ የሚፈልግ ሶፍትዌር ነው)፦

«ስካነር አሂደው፣ ሎጎ ለጥፈው፣ ሸጡልን። እንዲህ ያለ ዘረፋ አይቼ አላውቅም።» አንድ ኮከብ።

በንዴት የሚጻፈው መልስ ይህን ይመስላል፦

«ይህ ፍጹም ሐሰት ነው። ቡድናችን የክፍያ ሲስተማችሁን ለሁለት ሳምንት ፈትሿል። 14 ክፍተቶች አግኝተን አስረክበናል። የአይቲ ክፍላችሁ ግን እስከ ዛሬ ሦስቱን እንኳ አልደፈነም።»

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደንበኛ መሆኑን አረጋገጠ፣ የትኛው ሲስተም እንደተፈተሸም ተናገረ። ሦስተኛው ቁጥሩን ሰጠ። አራተኛው ደግሞ ቢያንስ 12 ክፍተቶች አሁንም ክፍት እንደሆኑ ለአጥቂ ነገረው። ሰውየው ማን እንደሆነ በሌላ መንገድ የሚያውቅ ወይም የሚገምት አንድ ሰው ካለ፣ ይህ መልስ የጥቃት ዕቅድ መነሻ ነው። ሁሉም ቃል እውነት ቢሆን እንኳ።

አሁን ይህን እዩት፦

«አስተያየትዎን አንብበነዋል። ከማን ጋር እንደሠራን በአደባባይ አናረጋግጥም፣ አናስተባብልም፤ ለሁሉም የምንጠብቀው ደንብ ነው። የስካነር ውጤት እንዳለ እንደ ፔንቴስት ከቀረበ ቅሬታው ተገቢ ነው። በእኛ አሠራር እያንዳንዱ ግኝት በሰው ተረጋግጦ፣ እንዴት እንደተደረሰበት ተጽፎ ነው የሚቀርበው። ይህን የማያሟላ ሪፖርት ከእኛ የደረሰው ሰው ካለ፣ በውሉ ላይ ባለው የኃላፊው ስልክ ይደውልልን። ሪፖርቱን ሥራውን ያልነካ ባለሙያ እንደገና እንዲያየው እናደርጋለን።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድም ሰው አልተሰደበም፣ አንድም መረጃ አልወጣም። «በውሉ ላይ ባለው ስልክ» የሚለውን ልብ በሉ። እውነተኛ ደንበኛ ስልኩን ያውቀዋል። ያልሆነው አያውቀውም። በአደባባይ ሳትለዩአቸው ራሳቸው ይለያሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «እያንዳንዱ ግኝት በሰው ይረጋገጣል» የሚለው እውነት ካልሆነ አትጻፉት። ከናሙናው የምትወስዱት ቅርጹን ነው፤ ይዘቱ የራሳችሁ እውነት ይሁን።

«ለተፈጠረው ቅሬታ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብንልስ?

ምን እንዳጠፋችሁ ሳታውቁ የሚጠየቅ ይቅርታ ለማንም አይጠቅምም። ያጠፋችሁትን ካወቃችሁ በግል፣ በስሙ ጠርታችሁ ይቅርታ ጠይቁ። በአደባባይ የሚጻፈው ስለ አሠራራችሁ ይሁን።

ማን እንደጻፈው ማወቅ እንችላለን። እንዲያውም ሥራችን ነው። እናጣራ?

አታጣሩ። ፈተናው ለእናንተ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። የአጻጻፍ ስልቱን ከድሮ ኢሜይሎች ጋር ማመሳሰል፣ የተጠቃሚ ስሙን በሌሎች ገጾች መፈለግ፣ የድረ ገጻችሁን የጎብኚዎች መዝገብ (ሎግ) ማገላበጥ ለእናንተ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማጥመጃ ሊንክ ልኮ አይፒ አድራሻ መያዝም ትችላላችሁ። ሰው የሚቀጥራችሁ ግን ይህን ችሎታ ያለ ፈቃድ እንደማትጠቀሙበት አምኖ ነው። ሥራችሁን ከወንጀል የሚለየው የተፈረመ ፈቃድ ነው፤ ለተቺያችሁ ማንም ፈቃድ አልፈረመላችሁም።

ሁለት ታሪኮችን ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የኤችቢጋሪ ፌደራል ነው። አነስተኛ የአሜሪካ ደኅንነት ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ኃላፊው «አኖኒመስ» የተባለውን የሀከሮች ቡድን መሪዎች ከማኅበራዊ ሚዲያ ተነሥቶ እንደለየ ለጋዜጣ ተናገረ። ቡድኑ በቀናት ውስጥ የድርጅቱን ድረ ገጽ በኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በድረ ገጹ በኩል ለዳታቤዙ ትእዛዝ አስርጎ በማስገባት) ሰብሮ ገባ። ደካማና በየቦታው የተደጋገሙ ፓስዎርዶችን ተጠቅሞ ወደ ኢሜይል ተሻገረ። ከ50,000 በላይ ኢሜይሎች ለዓለም ተለቀቁ። የደንበኞች ጉዳይም አብሮ ወጣ። ኃላፊው በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀ።

ሁለተኛው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንተርኔት ገበያው የኢቤይ የደኅንነት ክፍል ሰዎች ስለ ኩባንያው የትችት ጽሑፍ በሚያወጡ ባልና ሚስት ላይ ዘመቻ ከፈቱ። ሸረሪትና በረሮ በፖስታ ላኩላቸው፣ የቀብር አበባ ላኩላቸው፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ተከታተሏቸው። ከዓላማዎቹ አንዱ በድረ ገጻቸው ሥር ስሙን ደብቆ አስተያየት የሚጽፍን ሰው ማወቅ ነበር። ሰባት ሰዎች ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። የደኅንነቱ ኃላፊ 57 ወር ተፈረደበት። ኩባንያው በ2024 መጀመሪያ 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እነዚህ ሰዎች የኛው ሙያ ሰዎች ናቸው። «ድርጅታችንን እየጠበቅን ነው» እያሉ ነው እዚያ የደረሱት።

ግምት ቢኖራችሁ እንኳ ግምት ሆኖ ይቅር። ገምታችሁ ለተሳሳተ ደንበኛ ብትደውሉ ያልበደላችሁን ሰው ታጣላችሁ።

ወቀሳው እውነት ቢሆንስ?

ያኔ አስተያየቱ በነጻ የመጣ የኦዲት ግኝት ነው፤ እንደዚያው ያዙት። ፋይሉን ክፈቱ። ውሉ ላይ የሥራው ወሰን ምን ይላል? ሪፖርቱ ያንን ይሸፍናል? ግኝቶቹ ማስረጃ አላቸው ወይስ ከመሣሪያው ተገልብጠው የገቡ ናቸው? ድጋሚ ፍተሻ ቃል ተገብቶ ነበር? ተደረገ?

በዚህ ሙያ ተደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ ጥቂት ዓይነት ነው። «ሪፖርቱን ማንም አልገባውም» የሚለው ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ለባለሙያ የተጻፈ 80 ገጽ ለሥራ አስኪያጅ ተሰጥቷል። ሁለት ገጽ ማጠቃለያና የአንድ ሰዓት ገለጻ ያንን ወቀሳ ያስቀረው ነበር። «ፍተሻው ሰርቨራችንን አቆመው» የሚለው ከሆነ፣ ከሥራው በፊት የተፈረመው የፍተሻ ደንብ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ሲስተም ላይ፣ ችግር ሲፈጠር ለማን እንደሚደወል ይናገር እንደሆነ እዩ። «አስፈራርተው ሸጡልን» የሚለውን ቅሬታ ደግሞ በጣም በቁም ነገር ውሰዱት። ፍርሃት በዚህ ሙያ በቀላሉ የሚሸጥ ነገር ነው። የሽያጭ ጽሑፋችሁን አውጥታችሁ በሌላ ሰው ዓይን አንብቡት።

ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ከተገኘና ደንበኛውን በርግጠኝነት የምታውቁት ከሆነ (ራሱ ደውሎ ከሆነ ማለቴ ነው) አስተካክሉለት። አስተያየቱን እንዲያነሣ በቅድመ ሁኔታ አትጠይቁት። «ገንዘብህን እንመልስልሃለን፣ አስተያየቱን ግን አጥፋ» የሚል ኢሜይል ነገ ስክሪንሾት ሆኖ እዚያው ገጽ ላይ ይለጠፋል።

«ፈትሸውን በወሩ ተጠለፍን» ለሚል ሰው ምን ይባላል?

ይህ ከሁሉም ያማል፣ ምክንያቱም አንባቢን ያስደነግጣል። አፋችሁ ላይ የሚመጣው መልስ «የነገርናችሁን አልደፈናችሁም» ወይም «ያ ሲስተም በወሰኑ ውስጥ አልነበረም» ነው። ሁለቱም ምስጢር ማውጣት ናቸው።

በጥቅሉ ግን ልትናገሩት የምትችሉት እውነት አለ። ፔንቴስት በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ወሰን ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ነው የሚያሳየው። ከዚያ በኋላ የተጨመረን ኮድ፣ ያልተካተተን ሰርቨር፣ ወይም በማጥመጃ ኢሜይል የተሰረቀን ፓስዎርድ አይሸፍንም። ይህን በመልሳችሁ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ግን አስቀድማችሁ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ማዘናችሁን ግለጹ፤ ሰውየው ምናልባት ከባድ ሳምንት እያሳለፈ ነው። ከዚያ ደግሞ የድንገተኛ ጊዜ ስልካችሁን አስቀምጡ። የምር ደንበኛችሁ ከሆነና ከደወለ ክርክሩን ወደ ጎን ትታችሁ እሳቱን አጥፉለት።

የተፎካካሪ ሥራ ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ ብናምንስ?

ለፕላትፎርሙ (አስተያየቱ የተጻፈበትን ገጽ ለሚያስተዳድረው ኩባንያ) ሪፖርት አድርጉ። ግን ምን እንደሚሠራ እወቁ። ጉግል በባለቤቱና በጸሐፊው መካከል ማን እውነት እንደተናገረ አይዳኝም። የሚያየው ደንቡ መጣሱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህ ውሸት ነው» የሚል ሪፖርት ብዙም አይራመድም። «ይህ የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው የጻፈው ነው»፣ «ይህ ስድብና ማስፈራራት ነው»፣ «ይህ የሰው የግል መረጃ ይዟል» የሚለው ከማስረጃ ጋር ሲሆን ይሠራል። ውድቅ ከተደረገ አንድ ጊዜ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ አንዴ ብቻ ስለሆነ ማስረጃችሁን ሳታሟሉ አትላኩት።

ሪፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ስክሪንሾት ያዙ። ቀኑ፣ የተጠቃሚው ስም፣ የገጹ አድራሻ ይታይ። በአንድ ቀን አሥር ባለ አንድ ኮከብ ከመጣ የየራሳቸውን ያዙና በአንድ ላይ አቅርቡ፤ አብረው መምጣታቸው ከእያንዳንዳቸው በላይ ይናገራል። በአደባባይ ግን «ይህ የእገሌ ድርጅት ሥራ ነው» አትበሉ። ካልተረጋገጠ ስም ማጥፋቱን የፈጸማችሁት እናንተ ናችሁ።

«ገንዘብ ክፈሉና አጠፋዋለሁ» የሚል መልእክት መጣ።

አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ለደንበኛችሁ ስለ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ቫይረስ) የምትመክሩትን ለራሳችሁ አድርጉ፦ ማስረጃ ያዙ፣ አትደራደሩ፣ ለፕላትፎርሙና ለፖሊስ አመልክቱ። «መጥፎ አስተያየት እናስጠፋለን» እያሉ የሚደውሉ ሻጮችንም በዚያው ዓይን እዩአቸው። አስተያየቱ ውስጥ «ማስረጃው ይኸው» ብሎ የተለጠፈ ሊንክ ካለ በሥራ ኮምፒውተራችሁ አትክፈቱት። የተናደደ የደኅንነት ባለሙያ ጥሩ ኢላማ ነው።

አስተያየቱ ውስጥ የሲስተም ክፍተት ተጽፎ ብናገኝስ?

የማን ክፍተት ነው? የእናንተ ከሆነ፣ ለምሳሌ «የደኅንነት ኤክስፐርት ነን ይላሉ፣ የአድሚን ገጻቸው ግን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ ዝጉት። ከዚያ አመስግኑት፣ እንደተዘጋም ተናገሩ። አጻጻፉ ቢያናድድም መረጃው ትክክል ከሆነ ጠቅሟችኋል። ሰው ክፍተት ሲያገኝ ለማን እንደሚናገር የሚያውቅበት መንገድ ከሌላችሁም ዛሬውኑ ሥሩለት። ለዚህ «ሴኩሪቲ ዶት ቲኤክስቲ» (security.txt) የሚባል ቀላል ፋይል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አርኤፍሲ 9116 በተባለ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ተደንግጓል። የጽሑፍ ፋይል ላይ የመገናኛ አድራሻ ጽፎ ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ በቃ።

የደንበኛ ክፍተት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአደባባይ ምንም አትመልሱ። መልሳችሁ «እውነት ነው» ማለት ይሆናል፣ ገጹንም ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። ለፕላትፎርሙ በአስቸኳይ አመልክቱ፣ ደንበኛውን ደግሞ በተስማማችሁበት መስመር ወዲያው አሳውቁ። ከአስተያየቱ መልስ ይልቅ የደንበኛው ማወቅ ይቀድማል።

የቀድሞ ሠራተኛችን ይመስላል።

በደንበኞች ገጽ ላይ ስለ ሥራ ቦታ የተጻፈ ከሆነ፣ ጉግል ስለ ቅጥር ልምድ የሚጻፍ አስተያየትን ስለማይፈቅድ ሪፖርት ማድረግ ትችላላችሁ። እንደ ግላስዶር ያለ የሠራተኞች መድረክ ላይ ከሆነ ግን ቦታው ነው። ለአሠሪ መልስ መስጫ አለው። «ሦስት ሰው የስምንት ሰው ሥራ ይሠራል» ካለ ስለ ሥራ ጫናው መልሱ። ማን ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ አትስጡ። ቡድናችሁ አምስት ሰው ከሆነ «ለአጭር ጊዜ አብሮን የሠራው» ማለት ስም መጥራት ነው። የቀሩትም አራቱ ያነቡታል፤ እነሱ ሲወጡ ምን እንደምትሏቸው ከዚያ ይማራሉ።

ፍርድ ቤት ብንሄድስ?

ሕጉ በየአገሩ ስለሚለያይ ጠበቃ አማክሩ። ጥቂት ነገር ግን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

በብዙ አገር አስተያየትና የሐሰት መረጃ የተለያዩ ናቸው። «ደካማ ናቸው» አስተያየት ነው። «ዳታችንን ለተፎካካሪ ሸጡ» ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። የጸሐፊውን ማንነት በፍርድ ቤት ማስገለጥም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አንድ የምንጣፍ ጽዳት ድርጅት ሰባት ስም የለሽ የዬልፕ ጸሐፊዎችን ለማወቅ ለዓመታት ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛቱ ፍርድ ቤት ካሊፎርኒያ ያለውን ኩባንያ ማስገደድ አይችልም ብሎ ትእዛዙን ሻረው። በተቃራኒው በ2022 ግላስዶር ለአንድ የኒውዚላንድ አሻንጉሊት አምራች የጸሐፊዎቹን ማንነት እንዲሰጥ ታዟል። ወዲያም ወዲህም ሊሄድ ይችላል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ የቤቷ ፎቶ ከድረ ገጽ እንዲነሣ ከሰሰች። ከክሱ በፊት ፎቶው ዳውንሎድ የተደረገው ስድስት ጊዜ ነበር፣ ሁለቱ በራሷ ጠበቆች። ክሱ ከተሰማ በኋላ በአንድ ወር ከ400,000 በላይ ሰው ገጹን ጎበኘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ እናንተም ሃያ ሰው ያነበበውን ወቀሳ የዜና ርዕስ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

በውላችን ላይ «መጥፎ አስተያየት መጻፍ ክልክል ነው» ብንልስ?

አታድርጉት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሕግ በተዘጋጀ የውል ቅጽ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ማስገባትን ይከለክላል። ሕግ ባይከለክለውም እንኳ ውሉን የሚያነብ ደንበኛ ምን እንደምትፈሩ ይጠይቃል። ቴክኒካዊ ዝርዝር በምስጢር እንዲጠበቅ መስማማት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ተገቢም ነው።

ጥሩ አስተያየት በማስጻፍ መጥፎውን ወደ ታች እንግፋው?

ከእውነተኛ ደንበኛ መጠየቅ ይቻላል። ሠራተኛ፣ ወንድም፣ ጓደኛ እንዲጽፍ ማድረግ ግን ማታለል ነው። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሐሰተኛ አስተያየትን፣ ግንኙነቱን ሳይገልጽ የድርጅቱ ሰው የሚጽፈውንና አስተያየትን በዛቻ ማፈንን ይከለክላል። በእንግሊዝም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሐሰተኛ አስተያየት የተከለከለ ተግባር ነው። የረኩ ደንበኞችን ብቻ መርጦ መጠየቅንም ጉግል አይፈቅድም።

ለእናንተ ግን ከኮከብ የተሻለ መንገድ አለ። የሪፖርታችሁን ናሙና፣ ለማሳያ በተሠራ ሲስተም ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ፣ ድረ ገጻችሁ ላይ አስቀምጡ። ያገኛችሁትና በስማችሁ የተመዘገበ ሲቪኢ (በይፋ ቁጥር የተሰጠው የሶፍትዌር ክፍተት) ካለ ጥቀሱት። ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት ደንበኞች ለአዲስ ደንበኛ በስልክ እንዲመሰክሩ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ትልቅ ሥራ የሚሰጥ ሰው ኮከብ ቆጥሮ አይወስንም፤ ሪፖርት አንብቦና ደውሎ ጠይቆ ነው።

የቡድኑ ሞራል ተሰብሯል። ምን ላድርግ?

ሥራውን የሠራውን ልጅ ለብቻው አናግሩት፣ አስተያየቱን በቡድን ቻት ላይ አትለጥፉት። ስድቡን ከቅሬታው ለዩለት። ቅሬታው ውስጥ የሚስተካከል ነገር ካለ አብራችሁ አስተካክሉ፣ ከሌለ እንደሌለ በግልጽ ንገሩት። ገጹን በየሰዓቱ የሚከታተለው አንድ የተመደበ ሰው ብቻ ይሁን።

ጸሐፊው መልሶ ከጻፈስ?

አንድ ጊዜ መልሳችኋል፣ ይበቃል። አዲስ መረጃ ካመጣ ብቻ የመጀመሪያውን መልስ አርሙት። ኮከቡን ከፍ ካደረገ ወይም አስተያየቱን ካነሣ ደግሞ የእናንተም መልስ ያንን ተከትሎ መስተካከል ያለበት እንደሆነ እዩ፤ ለተነሣ ወቀሳ የተሰጠ አሮጌ መልስ ሌላ ቦታ ተቀድቶ ቢቀር ሰዎችን ያደናግራል። ቀኑንና ጽሑፉን በፋይላችሁ መዝግቡ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ረቂቅ ይሆናችኋል።